የወቅፍ ዛፎቹና የሐጂ ጀውሃር ጣራ

ምስጋና ለአላህ ይሁን። በተራራ ጥግ የተቀመጠች፣ ከስሟ ይልቅ መስጊዷ የሚታወቅ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ስሟን ባንጠራው ይሻላል፤ የምንናገርላቸው ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ የሰው ስም በከንቱ ከማንሳት ዝምታ ይቀላል። በዚህች ከተማ ላይኛው ሰፈር ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በጉልምስናቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሲያረጁ ሱቁን ለልጃቸው ለሉቅማን ትተው ጀናዛ ማጠብን ሥራቸው አደረጉ። ሀብታም ቢሞት ድሃ፣ ወዳጅ ቢሞት ባላንጣ፣ ውሃ የሚያፈሱበት እጃቸው አንድ ዓይነት ነበር ይባላል።

ከቤታቸው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ደን ነበራቸው። "ነበራቸው" ማለት እንኳ ልክ አይደለም። ዛፎቹን የተከሉት አባታቸው ሲሆኑ፣ ሊሞቱ ሲሉ ሽማግሌዎች ጠርተው ለሰፈሩ ቀብር ወቅፍ፣ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ የማይሸጥ የማይለወጥ ንብረት፣ አድርገዋቸዋል። እንደሚታወቀው በእኛ ቀብር ሬሳው ካረፈ በኋላ በላዩ እንጨት ይረበረባል፤ በእንጨቱ ላይ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ አፈር ይደረጋል። አባትየው ያሉት፣ በዚህ ሰፈር የሞተ ሁሉ፣ ያለውም የሌለውም፣ የለሕዱ፣ የመቃብሩ፣ እንጨት ከዚህ ይቆረጥለት፤ ለሌላ ለምንም ነገር ግን አንድ ቅርንጫፍ አይነካ ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ወጣቶች መጋዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ሐጂ ጀውሃር የሚቆረጠውን ያመለክታሉ፤ ጉቶው ደግሞ ክረምት ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ሐጂ ለቤታቸው ማገዶ ከገበያ ነበር የሚያስመጡት። የደኑ ደረቅ ቅጠል ነፋስ ወደ ግቢያቸው ቢያስገባው እንኳ ጠርገው መልሰው ይወስዱታል እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባቸው ነበር።

ከደኑ ሥር፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ቦታ፣ ጦይብ የሚባል ብረት በያጅ ከእናቱ ከእማማ ሐድራ ጋር ይኖር ነበር። እማማ ሐድራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐጅ ለመሄድ ነይተውና ተመኝተው፣ ጊዜው ደረሰ ሲባል እግራቸው ከዳቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ መጽናኛቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ብቻ ሆነ። ከመካ በቀጥታ የሚያሳየውን ጣቢያ ከፍተው፣ ሰው ከዕባን ሲዞር እያዩ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ጦይብ ከሥራ ሲመለስ "ዛሬ ሰው በዛ"፣ "ዛሬ ዝናብ ጣለባቸው፤ ግን ማንም አልተነሳ" እያሉ የመካን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ ይነግሩት ነበር።

ከዚያ ዛፎቹ ረዘሙ። ምክንያቱ የሚያስቅም የሚከብድም ነው። በዚያ ሰፈር ረጅም ጊዜ ሰው አልሞተም ነበር። ታመመ የተባለው ይድናል፤ ተስፋ የተቆረጠበት ሽማግሌ ዱላውን ይዞ መስጊድ ይመጣል። ሰው "አላህ ሞትን አራቀልን" እያለ ሲያመሰግን፣ ባሕር ዛፉ ቆራጭ አጥቶ ወደ ላይ ይመዘዛል። የጦይብ ዲሽ የሚያየው ወደ ምዕራብ ነው፤ ምዕራቡን ደኑ ያዘው። መጀመሪያ ሥዕሉ እንደ ተሰበረ ሸክላ ይቆራረጥ ጀመር። ቀጥሎ ድምፁ ሄደ። በመጨረሻም "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ነፋስ ሲነፍስና ቅርንጫፎቹ ሲከፈቱ ከዕባ ብቅ ይላል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ይጠፋል። እማማ ሐድራ ከአልጋቸው "መጣ፣ መጣ" ይላሉ፤ ጦይብ መዶሻውን ጥሎ እስኪገባ "ሄደ" ይላሉ።

ጦይብ በባሕርዩ ችኩል ነው። በያጅ ነውና ረጅም ምሰሶ በየደና ዲሹን ከጣራው በላይ አወጣው። ምሰሶው ሲረዝም ዲሹ በነፋስ መወዝወዝ ጀመረ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ነፋስ ሲነፍስ ቅርንጫፉ ይከፈታል፣ ዲሹ ግን ይዞራል፤ ነፋሱ ሲቆም ዲሹ ይረጋል፣ ቅርንጫፉ ይዘጋል። ዲሹን ወደ ጓሮ ወሰደው፤ ደኑ አለ። ወደ በሩ አመጣው፤ ደኑ አለ። የዶሮ ቤቱ ላይ ሰቀለው፤ ደኑ እንዳለ ሆኖ ዶሮዎቹም እንቁላል መጣል አቆሙ። የዲሽ ባለሙያው ሪድዋን፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ በተጠራ ቁጥር መሰላል ላይ ወጥቶ ይወርድና፣ የጦይብ ቤት ከሰማይ ጋር ተጣልቷል እያለ ይስቅ ነበር። ጦይብ ግን መሳቅ ካቆመ ቆይቷል።

የሐጁ ወር የዙልሒጃ ጨረቃ ሊወጣ ሲቃረብ እማማ ሐድራ ልጃቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡት።

"ጦይብ፣ ዐረፋን ብቻ ልያት" አሉት። "ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲቆም። ከዚያ በኋላ ቢጠፋም ቅር አይለኝ። ለከርሞው የምደርስ አይመስለኝም።"

ይህን ሲሰማ ጦይብ ሪድዋንን ይዞ ሐጂ ጀውሃር ዘንድ ወጣ። ሐጂ ደኑ ዳር፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ጦይብ የእናቱን ነገር ከመጀመሪያው አንስቶ ነገራቸው። ሐጂ እስኪጨርስ አዳመጡት፤ ስለ እማማ ሐድራ ጤና ጠየቁ፤ ዱዓ አደረጉ። ከዚያም ዛፉን መንካት እንደማይችሉ ተናገሩ።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ ዛፍ አልለመንኩም" አለ ጦይብ። "ሁለት ቅርንጫፍ ነው።"

"የኔ ቢሆን ግንዱን በሰጠሁህ። የሟቾች ሐቅ ነው ልጄ። እኔ ጠባቂ ነኝ።"

"እናቴስ? ገና ስላልሞተች ሐቅ የላትም ማለት ነው?"

በዚህ መሐል ሪድዋን፣ ዝም ማለት የማይሆንለት፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ሲቃኝ ቆይቶ ነበርና እጁን ወደ ሐጂ ቤት ዘረጋ።

"እዚያ ላይ ነበር እንጂ!" አለ። "የሐጂ ጣራ ላይ ብንተክለው እንደ ምንጭ ውሃ ይወርድልን ነበር። ከፊቱ ምንም የለ።"

ጦይብ የሱሪውን እግር ጎትቶ አወረደው። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሉቅማን ከዐረብ አገር ሲመለስ ለአባቱ ትልቅ ዲሽና ቴሌቪዥን አምጥቶ ነበር። ሐጂ በዚያው ቀን አስወርደው ለሰው አሰጡት፤ ጣራዬ ሥር ቁርኣንና እንቅልፍ ይበቃሉ አሉ። ነገሩ በከተማው ተሰማ። ኢማሙ በጁምዓ ስብከታቸው፣ በኹጥባው ላይ ሳይቀር አነሱት። ከዚያ ወዲህ የሐጂ ጀውሃር ባዶ ጣራ እንደ ሚናራው ሁሉ የሰፈሩ መኩሪያ ሆኖ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ "የሐጂን ጣራ አታይም?" ይሉ ነበር።

ሪድዋን ያን ቃል ሲናገር የሐጂ ሙስበሃ ጣታቸው ላይ ቆመ። ጦይብ አየ፤ ተቆጡ ብሎ አሰበ። ሐጂ ግን ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጦይብ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ቁጣውን የሚያወርድበት አጣ። ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ በተሳደበ፤ ስስታም ቢሆኑ ባማቸው። ሙት እየጠበቁ በሕይወት ያለውን የሚያስጨንቁ ጻድቅን ምን ይሏቸዋል? ለእናቱም እንዲሁ ብሎ ነገራቸው፤ ሰው ካልሞተ ከዕባ አይታይም ተባልን አላቸው። እማማ ሐድራ ሳቁ።

"እንግዲያው እኔ ስሞት ይከፈትልሃል" አሉት። "አንተ ታያለህ።"

ጦይብ ግን አልሳቀም።

ዙልሒጃ ከገባ በኋላ አያ ሙሄ የሚባሉ፣ ለመስጊዱ ውሃ ሲቀዱ ያረጁ፣ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ ሞቱ። የሞታቸው ወሬ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ጦይብ በር እየበየደ ነበር። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ ምላሱ። ልቡ ግን "ዛፉ!" አለ። ይህን ካለ በኋላ አፈረ፤ አፍሮም መጋዙን አነሣ። እንጨት ለመቁረጥ ማንም ሳይቀድመው ደኑ ዘንድ ደረሰ። ሰዎች ሲያዩት "አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ የሚሻማ ወጣት" እያሉ መረቁት። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋው።

ሐጂ ጀውሃር ሬሳውን እያጠቡ ስለነበር በሰው ላኩበት። ከታች ቀጥ ቀጥ ያሉትን ይቁረጥ፤ አጥሩ ጥግ ያለውን ወፍራሙን ይተወው፤ ምስጥ ውስጡን በልቶታል አሉት። ጦይብ የተላከውን ቃል ሰማ። ለተከተሉት ወጣቶች ግን "ሐጂ የሚቆረጠውን ነግረውኛል" ብቻ አላቸው። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ውሸት የሚሠራውን ሁሉ ግን ሠራ። ያን ወፍራም ዛፍ፣ ከቤቱ ሲያየው ሰማዩን ይዞ የሚቆመውን፣ መትቶ ጣለው።

ዛፉ ሲወድቅ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ውስጡ አፈር ነበር። የደረቀውን ፈልጠው፣ ደህና የመሰለውን መርጠው ወደ መቃብር ወሰዱት። እዚያ ሲደረስ እንጨቱ አልበቃ አለ፤ የበቃውም በእጅ ሲጫኑት ተሰበረ። ጀናዛው ሰላት ተሰግዶበት፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ አያ ሙሄ መሬት ላይ ተጋድመው ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ወጣቶች ሌላ ለመቁረጥ ወደ ደኑ ተመልሰው ሮጡ። ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ሕይወታቸውን ሙሉ ለሰው ውሃ ያደረሱ ሽማግሌ ለራሳቸው እንጨት ጠበቁ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፤ በመጨረሻ አንዱ ጮክ ብሎ ይህን እንጨት የመረጠ ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

ጦይብ አፉን ሊከፍት ሲል ሐጂ ጀውሃር ቀደሙት።

"አደራው የኔ ነው" አሉ። "ቆሜ ማስቆረጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አያ ሙሄ አውፍ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።"

ወደ ጦይብ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። አንዳንዱ ሐጂ አረጁ ብሎ በሆዱ ያዘ።

ጦይብ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እናቱ "ሲግናል የለም" የሚለውን ጽሑፍ እያዩ ነበር። ባለሙያው ተጠርቶ መጣ፤ ጉቶውን አየ፤ ሰማዩን አየ።

"አንተ ሰው፣ እሱ እኮ አይደለም" አለው ሪድዋን። "እሱ ለዓይንህ ነው የቀረበህ። ዲሹ አሻግሮ ነው የሚያየው፤ የሚከለክለው ከኋላ ያለው ረጅሙ ነው። ሳትጠይቀኝ ማን ቁረጥ አለህ?"

ጦይብ የሪድዋንን አፍ በብየዳ ቢዘጋው በወደደ ነበር። ግን ሰውየው ምን አጠፋ? የሟች ሐቅ ሰርቆ፣ ሽማግሌ አሳፍሮ፣ የሰረቀው ነገር እንኳ ያልጠቀመው እሱ ራሱ ነው። ሄዶ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ሲያይ ረጅሙ ዛፍ፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የነጣ፣ ከሁሉ በላይ ቆሟል። እሱን የሚያስቆርጥ ሌላ ሞት አስፈለገ። የማን?

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ ሐጂ ጀውሃር በሩን አንኳኩ። ጦይብ ሲያያቸው ሊቆጡኝ መጡ ብሎ፣ ቢቆጡት ደግሞ እንደሚቀለው ተሰምቶት፣ ይናዘዝ ጀመር። ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

"ስለ ትናንቱ አያ ሙሄን በዱዓ ካሰው። አላህ የሸፈነውን አንተ አትግለጥ" አሉት። "እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያ ልጅ አጥሩ ላይ ሆኖ ያለው እውነት ነው ወይ?"

"የቱን ሐጂ?"

"ጣራዬ ላይ ቢሆን ይመጣል ያለውን።"

ሐጂ መልሱን ያወቁት ይመስል፣ መሰላላቸው አሮጌ ስለሆነ የራሱን ይዞ እንዲመጣ ነግረውት ሄዱ።

ዲሹ የዚያኑ ቀን ወጣ። ገመዱ ከሐጂ ጣራ ተነሥቶ፣ በደኑ መሐል ከዛፍ ዛፍ እየተሻገረ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ጦይብ ቤት መግባት ነበረበት። ሪድዋን መዶሻና ምስማር ሲያወጣ ሐጂ ከለከሉት። ከአሮጌው ሱቅ የተረፉ የጨርቅ ቁርጥራጮች አምጥተው፣ እኛ በጥላው እንደምናርፍ ሁሉ ገመዱም ግንዱን ሳይጎዳ ይረፍበት፤ በጨርቅ ይታሰር አሉ።

"ሐጂ፣ ዛፍ ምስማር አያመውም እኮ" አለ ሪድዋን።

"እሱን አያመውም" አሉ ሐጂ። "አደራውን ግን ያመዋል።"

የአበባ ጨርቅ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የልጅ ቀሚስ ትራፊ፣ በየግንዱ ታሰረ። የቀብር ደን እንደ ሠርግ ቤት አጌጠ። ሪድዋን ዲሹን ሲያስተካክል ከዕባ ነፋስ ሳይጠብቅ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ። እማማ ሐድራ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ በትራስ ደግፋችሁ አስቀምጡኝ አሉ፤ የተከበረ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ከተማው ግን የእማማ ሐድራን ክፍል አያይም፤ የሚያየው የሐጂን ጣራ ነው። ሳይውል ሳያድር ወሬው ገበያ ወጣ። ሐጂ ጀውሃር ዲሽ አስገቡ! የልጃቸውን አስወርደው የራሳቸውን ሰቀሉ! ሸምሲያ የምትባል፣ ለወሬ እግር ያላት የሰፈሩ ሴት፣ ሰው ሲያረጅ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፤ ጥጃ አይደል፣ አስረው አይዙት እያለች ከደጅ ደጅ ዞረች። ሉቅማን አኩርፎ መጣና ለእኔ ያልተፈቀደው ለእርስዎ እንዴት ተፈቀደ ብሎ አባቱን ጠየቃቸው። ሐጂ ቤቱን ገብቶ እንዲያይ ፈቀዱለት፤ እሱ ግን ከደጅ ተመለሰ። ከመስጊድ ሲወጡም አንድ ቀልደኛ ነጋዴ ጓደኞቹን ጠቅሶ ቀረባቸው።

"ሐጂ፣ ቅዳሜ ማን ከማን ነው የሚጫወተው?"

"አላውቅም ልጄ" አሉት ሐጂ። "ስታውቅ ለሚጠይቅህ ንገር።"

ይህ እንኳ ይቻላል። ጦይብን ያነደደው ሌላ ነው። ኢማሙ መንገድ ሲሄዱ የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ የሚያሰግዱት ምንጊዜም ሐጂ ጀውሃር ነበሩ። በዚያ ሰሞን ኢማሙ በሌሉበት ለሰላት መቆሚያው ጥሪ፣ ኢቃማ፣ ተደርጎ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወደፊት አንድ እርምጃ ሲሉ፣ ሰዎች ሌላ ሰው በትከሻው ገፍተው አስቀደሙ። ሐጂ ያችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና ሰጋጆቹ በተሰለፉበት ሰፍ ውስጥ ገቡ። ጦይብ ከኋላቸው ነበር። በዚያ ሰላት ልቡ ከሰላቱ ጋር አልነበረም።

ከሰላት በኋላ ተከትሏቸው ቤታቸው ድረስ ሄደ። ከእንግዲህ አልችልም፣ መስጊድ ገብቼ ሁሉን እናገራለሁ፤ የአያ ሙሄንም የዲሹንም፤ የሚያወሩት ውሸት ነው አላቸው።

"ምኑ ነው ውሸቱ? ጣራው ላይ ዲሽ አለ ነው ያሉት። አለ።"

"ለማን እንደሆነ አያውቁም እኮ ሐጂ!"

"አላህ ያውቃል። አንተ ብትናገር ሐጂ ጀውሃር እንዴት ያለ ሰው ነው ይሉኛል። ያችን ትንሽ አጅሬን ከእጄ ልታስጥለኝ ነው?"

ጦይብ እጁን እያወናጨፈ ወጣ። ቢናገር በደል፣ ዝም ቢል በደል። ዛፉን እምቢ ሲሉት የተናደደው ንዴት አሁን ከተናደደው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር፤ ያኔ ቢያንስ በማን እንደሚናደድ ያውቅ ነበር። ለእናቱ ግን ነገራቸው። ሐጂ ለሕዝብ አትናገር አሉኝ እንጂ ለእናትህ አላሉኝም ብሎ ራሱን አሳመነ። የሟቹን እንጨት ነገር ሳይቀር ነገራቸው። እማማ ሐድራ አዝነው አዩት።

የዐረፋ ቀን ደረሰ። እማማ ሐድራ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ አስጠሩ፤ ሸምሲያን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ከአልጋቸው አጠገብ አስቀመጧት። ሁሉም ጾመኛ ነው። ግድግዳው ላይ ያ ሜዳ ነጭ በነጭ ሆነ፤ "ለበይከ አላሁመ ለበይክ" የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ አለቀሱ፤ እጃቸውን ዘርግተው ለሙታንም ለሕያዋንም ዱዓ አደረጉ። ሸምሲያ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። እማማ ሐድራ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ሸምሲያ፣ ይኼ ዐረፋ ከየት እንደሚመጣልን ታውቂያለሽ?" አሉ።

"ከመካ ነዋ እማማ።"

"መስኮቱን ክፈቺና ተከተይው።"

ሸምሲያ መስኮቱን ከፈተች። ገመዱ ከግድግዳው ወጥቶ የመጀመሪያው ዛፍ ላይ በአበባ ጨርቅ ታስሯል፤ ከዚያ ሁለተኛው ላይ በሰማያዊ፤ ከዚያ የልጅ ቀሚስ። ዓይኗ ከግንድ ግንድ እየወጣ ሄዶ ሐጂ ጀውሃር ጣራ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ገመድ አልነበረም፤ ወደ ሐጂ ቤትም የሚወርድ አንድ ክር የለም። ሸምሲያም እንደ ገባች አልወጣችም፤ ግን እግሯ ያው እግሯ ነበርና ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ከተማው ሁሉ አወቀ።

በዒዱ ቀን ሰዎች ሐጂን አውፍ በሉን ሊሉ ተሰለፉ። ቀልደኛው ነጋዴ አቀርቅሮ መጣ። ሉቅማን የአባቱን እጅ ስሞ አለቀሰ። ሐጂ ሁሉንም "አውፍ ብያለሁ፤ እናንተም በሉኝ" እያሉ ቶሎ ቶሎ ሸኟቸው፤ ነገሩ እንዲነሣም አልወደዱ።

እማማ ሐድራ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አላህ ይዘንላቸው፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። የሴት ጀናዛ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸውና ሐጂ ጀውሃር በዚያ ቀን ደኑ ውስጥ ቆመው ነበር። ጦይብ መጋዙን ይዞ ሲመጣ ሐጂ ረጅሙን፣ ቀጥ ያለውን፣ ቅርፊቱ የነጣውን ዛፍ በዱላቸው ነኩ። ጦይብ ቆሞ ቀረ። ሐጂ ራሳቸው የጨርቁን ቋጠሮ ፈትተው ገመዱን ወደ ጎረቤት ዛፍ አዛወሩ፤ "ቢስሚላህ በል" አሉት። እንጨቱ ጤናማና ጠንካራ ነበር። ለእማማ ሐድራ በቅቶ ተረፈ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጦይብ መሰላሉን ይዞ ሐጂ ቤት መጣ። ምዕራቡ ተከፍቷል፤ ዲሹ ከእንግዲህ በገዛ ቤቴ ላይ ይሠራል፤ ጣራዎን ልልቀቅልዎ አላቸው። ዲሹን አውርዶ፣ ብሎኖቹን በኪሱ ከቶ፣ መሰላሉ ሥር ቆመ። ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቃቸው።

"ሐጂ፣ ሪድዋን የመጀመሪያውን ቀን ጣራዎን ሲጠቁም ሰምተው ነበር። ለምን ያን ያህል ቆዩ?"

ሐጂ ጀውሃር ባዶውን ጣራ ቀና ብለው አዩ።

"ልጄ፣ ዛፉን የከለከልኩህ ለአላህ ብዬ ነው" አሉ። "ጣራውን የከለከልኩህ ግን ለሰው ብዬ ነው።"

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ቃል ቀለል አድርገን አንለፈው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም እምቢታ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የአላህን ስም ይዘው ይቆማሉ። አንዱ የሟች አደራ የሚጠብቅ ነው፤ ሌላው ኢማሙ በኹጥባ ያነሡትን ስም የሚጠብቅ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጎረቤት ሊለየው አይችልም፤ ባለቤቱም ሙስበሃው ጣቱ ላይ ሲቆም ካላስተዋለ አይለየውም። ሐጂ ጀውሃር የሚደነቁት ሰው ሲያማቸው ስለ ታገሡ ብቻ አይደለም። ሐሜቱን ፈርተው የቆዩባቸውን ቀናት ሳይደብቁ ስለ ቆጠሩ ነው። እኛ ስንቱን "አይሆንም" በዲን ጠቅልለን ለክብራችን እንዳስቀመጥነው አላህ ያውቃል፤ እሱ ይማረን።

ሐጂ ካለፉ ወዲህ ደኑን የሚጠብቀው ጦይብ ነው አሉ። ሰው ቅርንጫፍ ሊለምነው ሲመጣ ዛሬም እምቢ ይላል። እምቢ ካለ በኋላ ግን፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ የገዛ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል።